ዘንድሮ ከናያግራ ይልቅ ደሎሮ

በቶሮንቶ፣ በኤግሊንተን ዌስትና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ሰመር ሲመጣ ዘመድ አዝማድ ይዘን የምንሮጠው ወደ ናያግራ ነው። ፏፏቴው ውብ ነው፤ ዘንድሮ ግን ከፍ ከፍ ያሉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የማዕድን ሥፍራዎች ወደነበሩት ወደ ማርሞራና ደሎሮ እንድትሄዱ እለምናችኋለሁ።

መንገዱ ከደጃችን ይነሣል። አለን ሮድ የተባለው ፈጣን መንገድ ኤግሊንተን ላይ የሚያበቃው፣ የቶሮንቶ ነዋሪዎች «ሰፈራችን አይፈርስም» ብለው ስለታገሉና የኦንታሪዮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1971 ግንባታውን ስላስቆመ ነው። ይህንንም ለልጆቹ ንገሯቸው። ከዚያ በሀይዌይ 401 ወደ ምሥራቅ፣ በ115 እስከ ፒተርቦሮ፣ ቀጥሎ ሀይዌይ 7 ነው። መንገዱ ካልተጨናነቀ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል።

ማርሞራ የብረት ከተማ ነበረች። ቤተልሔም ስቲል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1978 ማዕድኑን እያወጣ በባቡር ፒክተን ያደርሰው፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ላካዋና፣ ኒውዮርክ ይወስደው ነበር። ለማርሞራ የቀረላት ውሃ የሞላው ግዙፍ ጉድጓድ ነው።

የጎረቤቷ የደሎሮ ታሪክ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ወርቅ ተገኘባት፤ በኋላም ከሰሜን፣ ከኮባልት ከተማ የሚመጣው የብርና የኮባልት ማዕድን ይነጠርባት ጀመር። ማዕድኑ ከአርሴኒክ ጋር የተቀላቀለ ነው። ፋብሪካው አርሴኒኩንም ለፀረ ተባይ መድኃኒት ይሸጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ተዘጋ፤ መርዙ ግን ከአፈሩ ወደ ሞይራ ወንዝ መውረዱን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1979 የኦንታሪዮ መንግሥት ቦታውን ተረከበ፤ የጽዳቱም ዕዳ በግብር ከፋዩ ጫንቃ ላይ ወደቀ። የፋብሪካው ግቢ የታጠረ ስለሆነ አይገባም። ልጆቹ አጥሩን አይተው «ለምን?» ብለው ይጠይቁ፤ የሄዳችሁት ለዚህ ነው።

ይህ ጥያቄ የአገር ቤትም ነው። የአገራችን የኢትዮጵያ የወርቅ ዜና ሲሰማ ደስ ይለኛል፤ የውጭ ምንዛሪ ለአገራችን ምን ማለት እንደሆነ ሐዋላ የምንልክ ሁሉ እናውቃለን። ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. የጉጂ ነዋሪዎች ከለገደምቢ ወርቅ ማውጫ የሚወጣው ኬሚካል ጤናችንን ጎዳ ብለው ተቃውሞ አሰምተው የማውጫው ፈቃድ ታግዶ ነበር። እነዚያን እናቶችና አባቶች የልማት ጠላት ብሎ መፈረጅ በደል ነው። የጠየቁት ጤናቸው እንዲጠበቅ ነው፤ ይህንንም እዚህ እኛ በየሰፈራችን እንደ ተራ መብት እንቆጥረዋለን።

ስለዚህ በአገር ቤት ማዕድን ላይ ገንዘባችሁን ልታፈሱ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከትርፉ በፊት ይህን ጠይቁ፦ የማዕድኑ ዝቃጭ የት ይቀመጣል? የወንዙን ውሃ ማን ይመረምራል? ውጤቱስ በነዋሪው ቋንቋ ይነገራል? ማዕድኑ ሲያልቅ ለጽዳት የሚውለው ገንዘብ ከዛሬው ተይዟል? መልስ ካላገኛችሁ አትፈርሙ።