«ሄልሜት የኢንጂነር ነው»

አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ በሚሠራበት ሳይት በኩል ያለፈ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። አምስተኛ ወለል ላይ፣ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ቆሞ የሚለስነው ሰው ባዶ ራሱን ነው፤ እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ። ታች ወረቀት ይዞ የቆመው ግን ነጭ ሄልሜት አድርጓል። ሠራተኛው ከዚህ የሚማረው ግልጽ ነው፦ ሄልሜት የማዕረግ ምልክት ነው፣ የኢንጂነር ነው።

የአሠሪዎች መልስ የታወቀ ነው። «ብንሰጣቸውም አያደርጉትም፤ ግንዛቤ የላቸውም።» ከዚያ ሥልጠና ይዘጋጃል፣ ፖስተር ይለጠፋል። እርግጥ አያደርጉትም የሚለው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ሄልሜት ፀሐይ ላይ ያቃጥላል፤ ልኩ ያልሆነ ጓንት ፌሮ የሚያስረውን ሰው ሥራ ያጓትታል፤ በቁርጥ ለሚሠራ ደግሞ የተጓተተ ሥራ የጎደለ ገንዘብ ነው። አደጋውን አያውቅም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የትኛው እንጨት እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው ሚስማር እንደላላ፣ የሊፍቱ ጉድጓድ አፍ በምን እንደተሸፈነ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ጠዋት ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚያማትበውም ስለሚያውቅ ነው።

ታዲያ ለምን አይናገርም? የቀን ሠራተኛ በእጁ የጽሑፍ ውል የለውም። ማታ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ጠዋት በር ላይ ከቆሙት መካከል ፎርማኑ በጣቱ ከጠራው ይገባል። «ይሄ መወጣጫ አያስተማምንም» ያለ ሰው ነገ ላይጠራ ይችላል። ባሬላ የሚሸከሙት ሴቶችማ ከወንዶቹ ባነሰ ክፍያ እየሠሩ ጭራሽ ማን ይሰማቸዋል? መውደቅ ምናልባት ነው፤ ሥራ ፈቶ መዋል ግን የዛሬ ራት ነው። «እግዜር ያውቃል» የሚለው ንግግር ከእምነቱ በተጨማሪ ይህ ሒሳብ አለበት።

ሕጉ ችግር የለበትም ማለት ይቻላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል። አንቀጽ 96 ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠ የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ ግን ሆነ ብሎ ራሱን እንደጎዳ ሊቆጠርበት ይችላል። መጋዘን ውስጥ የተቆለፉ ሄልሜቶችና በር ላይ የተሰቀለ «ያለ ሄልሜት መግባት ክልክል ነው» የሚል ታፔላ አንድ ላይ ሲታዩ ማንን እንደሚጠብቁ መገመት አያስቸግርም። በዚያ ላይ በሰብ ኮንትራክተር ስም የገባ ሰው ሲወድቅ «የእኛ ሠራተኛ አይደለም» ይባላል።

ስለዚህ ከፖስተሩ የሚቀድሙ ሥራዎች አሉ። የቀን ሠራተኛው ስም በየዕለቱ ይመዝገብ፣ ቅጂውም በእጁ ይኑር። መወጣጫው አደገኛ ነው ብሎ ሥራ ያቆመ ሰው እስኪጠገን ድረስ ያለው ሰዓት ይታሰብለት። ቀበቶና ሄልሜት በጨረታ ሰነዱ ላይ ራሱን የቻለ ዋጋ ይያዝላቸው፣ ተጫራች ዋጋ ለመስበር ቀድሞ የሚቆርጠው እሱን ነውና። ተቆጣጣሪውም ሲመጣ ቢሮ ገብቶ ፋይል ከማገላበጡ በፊት፣ ፎርማኑ በሌለበት፣ ለሳኙን ያነጋግር።