የሩሲያ ሙዚቃ ይሰማ ወይስ ይቅር?

በማኅበራችን የራዲዮ ክፍል በየሳምንቱ የምናሰማው የሩሲያ ክላሲካል ሙዚቃ እንዲቋረጥ አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች ጠይቀዋል። ምክንያታቸው ሁለት ነው። አንደኛው፥ የሩሲያ ጦር እ.ኤ.አ. በ2022 በመላ ዩክሬን ላይ ከዘመተ ወዲህ ይህን ሙዚቃ ማሰማት ለወራሪ ማጨብጨብ ነው የሚል ነው፤ ሁለተኛውም፥ አድማጩ አይገባውም የሚል ነው። እኛ የዝግጅቱ አቅራቢዎች ሁለቱንም በቅን ልቡና መርምረናል።

የፊተኛውን ክስ አናቃልለውም። ፋሺስት ጣልያን በ1928 ዓ.ም. የወረረው ሕዝብ ልጆች ስለ ሆንን የተወራሪ ሕመም አይጠፋንም። ነገር ግን ሙዚቃውን የደረሱት እነማን ናቸው? ሾስታኮቪች እ.ኤ.አ. በ1936 «ፕራቭዳ» ጋዜጣ ኦፔራውን ካወገዘበት በኋላ አራተኛ ሲምፎኒውን ከልምምድ ላይ አነሣው፤ ሥራው ለሕዝብ የተሰማው በ1961 ነው። ዩክሬን ውስጥ በዶኔትስክ አውራጃ የተወለደው ፕሮኮፊዬቭም ከሾስታኮቪች ጋር በ1948 በፓርቲው ውሳኔ በስሙ ተጠርቶ ተወገዘ። ራሕማኒኖቭ ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ተሰዶ አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በ1943 አሜሪካ ውስጥ ሞተ። እንግዲህ እነዚህን ሰዎች ዝም ማሰኘት የገዛ መንግሥታቸው የጀመረውን ሥራ መፈጸም አይሆንምን?

ስለ ሁለተኛው ክስ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው። እስከ ዛሬ የሥራውን ስምና ቍጥር ጠርተን ሙዚቃውን ከመልቀቅ በቀር ለአድማጩ የነገርነው የለም። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ሕዝቧ በረኀብ ሲረግፍ፥ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1942 የከተማዋ ራዲዮ ኦርኬስትራ የሾስታኮቪችን ሰባተኛ ሲምፎኒ ተጫወተ። ከኦርኬስትራው አባሎች ብዙዎቹ ሞተውና ደክመው ስለ ነበር ሙዚቀኞች ከጦሩ ተጠርተው መጡ፤ ድምፁም በራዲዮና በድምፅ ማጉያ ለከተማው ሁሉ ተሰማ። ይህን አስቀድሞ የሰማ አድማጭ ከበሮው ለምን እንደሚመታ ሌላ አስተማሪ አይፈልግም።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው፤ ዝግጅቱ ይቀጥል፤ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ግን ማን፥ መቼ፥ በምን መከራ ውስጥ ሆኖ እንደ ደረሰው ይነገር። እንደ ሚኮላ ሊሴንኮ ያሉ የዩክሬን ደራስያንም ይሰሙ። ተቃዋሚዎቻችንም ከማይክሮፎኑ ፊት ቀርበው ክሳቸውን ራሳቸው ያሰሙ፤ ወንበሩን እንለቅላቸዋለን። ፍርዱን አድማጩ ይስጥ፤ ለመፍረድ ግን አስቀድሞ መስማት ያስፈልጋል።