ባሮን የተሻገረ ሁሉ እንግዳ አይደለም

የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ በመጪው ወር የሚመክርበት የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ በየስልካችን ደርሶናል። አብዛኛው ክፍሉ የሚያከራክር አይደለም። የሥራ አስፈጻሚው የአገልግሎት ዘመን ማጠሩ ጥሩ ነው፤ ሒሳቡ በየሴሚስተሩ እንዲመረመር መደረጉም እሰየው የሚያሰኝ ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ስለ አባልነት የተጨመረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከእንግዲህ አባል መሆን የሚፈልግ ተማሪ እሱ ራሱ ወይም ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑን በሰነድ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል።

ዓረፍተ ነገሩ ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ ማንንም በስም አይጠራም። ከየት እንደመጣ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ባለፈው ዓመት ከጋምቤላ ቤተሰቦች የተወለዱ ጥቂት የኑዌር ተማሪዎች ወደ ስብሰባችን መምጣት ጀመሩ። ወዲያው «እነዚህ የደቡብ ሱዳን ልጆች አይደሉም እንዴ?» የሚል ጥያቄ በሹክሹክታ ዞረ። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከሐዋሳ የመጣን ተማሪ ወረቀት አሳየን ያለው ሰው እስከዛሬ አላየሁም። ደንቡ ከጸደቀ በተግባር የሚጠየቁት እነማን እንደሚሆኑ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ ነው። ወላጆቼ ከወሎ ሄደው እዚያው የቀሩ መምህራን ናቸው። በጋምቤላ አነጋገር «ደገኛ» ነን። የምጽፈው የኑዌር ወይም የአኙዋ ወኪል ሆኜ አይደለም፤ እነሱ ለራሳቸው መናገር ይችላሉ። የምጽፈው ያ ድንበር እንዴት እንደተሠመረና እዚያ ያለ ሰው ወረቀት ከየት እንደሚያገኝ (ወይም ለምን እንደማያገኝ) ሳናውቅ ድምፅ እንዳንሰጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ዓመቶች የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በመልክዓ ምድሩ ልጀምር። ባሮ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጋምቤላ ከተማ 530 ሜትር እንኳ አትሞላም። ከተማዋን ካለፈ በኋላ ወንዙ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ ክረምት ሲሆን ዳርና ዳሩ አይታወቅም። ከታች በኩል ባሮ ራሱ፣ ከዚያም ፒቦርና አኮቦ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን ድንበር ናቸው። ባሮና ፒቦር ሲገናኙ ሶባት ይሆናሉ፤ ሶባት ማላካል አጠገብ ወደ ነጭ ዓባይ ሲገባ የነጭ ዓባይን ውኃ ግማሽ ያህል ይዞ ነው።

በዚህ ሜዳ ወንዝ የአገር ዳር አይደለም፤ የኑሮ መካከል ነው። የኑዌር ከብት አርቢ በክረምት ውኃ ወደማይደርስበት ከፍታ ይወጣል፣ በበጋ ሣርና ውኃ ፍለጋ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል። አኙዋ መንደሩን በባሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ዳርቻ መሥርቶ፣ ጎርፉ ሲሸሽ በተወው ለም አፈር ላይ በቆሎና ማሽላ ይዘራል፣ ዓሣ ያጠምዳል። የወንዙን ሁለት ዳር ለሁለት መንግሥት ማካፈል ማለት የአንድን ቤተሰብ የክረምት ቤትና የበጋ ቤት ለሁለት አገር ማካፈል ነው።

የተደረገውም ይኸው ነው። በሜይ 15 ቀን 1902፣ በእኛ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ ውል ተፈራረሙ። ውሉ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ሲወስን በዚያ በኩል ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ተከተለ። ስለ ዓባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ውኃ የሚናገረው አንቀጹ እስከዛሬ ስለሚያጨቃጭቅ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። አራተኛውን አንቀጽ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በዚህ አንቀጽ ምኒልክ በባሮ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ፣ በወንዙ ላይ ከ2,000 ሜትር፣ በስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንግሊዞች እንዲይዙ ፈቀዱ። የኪራዩ ዘመን ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበር። ቦታው ለፖለቲካ ወይም ለጦር ሥራ እንዳይውልም ተጽፏል።

ጣቢያው በ1904 የተከፈተው ኢታንግ ላይ ሳይሆን ወደ ላይ ከፍ ብሎ ጋምቤላ ላይ ነው። ባሮ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት መርከቦች ይመጡ ነበር። የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ከጎሬ በኩል በጭነት ከብትና በሰው ጀርባ ወርዶ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር፤ ሲመለሱ ጨውና ጨርቅ ይዘው ይመጡ ነበር። አንዲት ትንሽ ከተማ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሆና በሱዳን መንግሥት ሹም ትተዳደር ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያዛት፣ ከዚያ እንግሊዞች ተመለሱ፣ በመጨረሻ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ለኢትዮጵያ ተላልፋ የኢሉባቦር አካል ሆነች።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ውሉ ስለ ወንዝ፣ ስለ መሬትና ስለ ንግድ በሜትርና በሄክታር ይናገራል። የወንዙ ሁለት ዳር ቤቱ የሆነው ሰው የየትኛው መንግሥት ዜጋ እንደሚሆን ግን የጠየቀው የለም። ጥያቄው ሳይመለስ 120 ዓመት አለፈ፤ አሁን እኛ ሚኒሶታ ተቀምጠን መልሱን ከአንድ የ19 ዓመት ተማሪ ኪስ ውስጥ እንፈልጋለን።

«ታዲያ ሰነድ ማሳየት ምን ይከብዳል?» የሚል አይጠፋም። ይከብዳል። ኢትዮጵያ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ2016 ነው። እኔና እናንተ ስንወለድ በየሆስፒታሉና በየቀበሌው የተሰጠ ወረቀት ነበር እንበል። ጂካዎ ወይም አኮቦ አካባቢ ገጠር ውስጥ ለተወለደ ልጅ ማን ይጽፍለታል?

ከዚህ የባሰው ደግሞ ስደቱ ነው። በ1980ዎቹ የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ሲፋፋም ኢታንግ ከ200 ሺህ ሰው በላይ የያዘ የስደተኛ ሰፈር ሆና ነበር። በሰፈሩ ራሽን አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ ወደ ውጭ አገር የሚወስድ የሰፈራ ዕድልም በስደተኛነት በኩል ነው የሚገኘው። አጠገቡ ያለው ኢትዮጵያዊ የኑዌር መንደር ከዚህ ሁሉ አንዱም አልነበረውም። ስለዚህ ከጋምቤላ የሆኑ ቤተሰቦች በሱዳናዊ ስም ተመዝግበው ወጡ፤ በተቃራኒው ደግሞ ከወዲያ ማዶ የመጡ ሰዎች የኢትዮጵያ መታወቂያ ይዘው ቀሩ። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ስለ ጋምቤላ ያጠኑ ሰዎች ጽፈውበታል፤ እዚህ ሚኒሶታና ነብራስካ ያሉ የኑዌር ቤተሰቦችም በግልጽ ይናገሩታል። እናም ረቂቁ የሚጠይቀው ወረቀት እውነቱን የሚነግረን አይደለም። አባቱ ጋምቤላ የተቀበረ ልጅ የእናቱ የስደተኛ ፋይል «ሱዳን» ስለሚል ይወድቃል።

የአገራችን ሕግ ራሱ ከረቂቃችን ይሻላል። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ዜግነትን ከትውልድ ጋር ያስተሳስራል እንጂ ከመታወቂያ ካርድ ጋር አይደለም። ያው ሕገ መንግሥት የጋምቤላ ሕዝቦችን ክልል ከፌዴሬሽኑ አባላት እንደ አንዱ ይዘረዝራል። ኑዌር፣ አኙዋ፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ የክልሉ ነባር ብሔረሰቦች ናቸው። የኑዌር፣ የአኙዋና የማጃንግ ዞኖች አሉት፤ ኢታንግ ደግሞ ልዩ ወረዳ ነው።

አሁን እኛን በቀጥታ ወደሚመለከት ነገር ልምጣ። እነዚህ አምስት ሕዝቦች አንዳቸውም አፍ መፍቻቸው አማርኛ አይደለም፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። የክልሉ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤቱ፣ ቢሮው በአማርኛ ይሠራል። አኙዋና ኑዌር ገበያ ላይ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ የሚግባቡት በአማርኛ ነው። በስብሰባችን ላይ አንድ የኑዌር ተማሪ ተነሥቶ በጥሩ አማርኛ ሲናገር «አማርኛ የት ተማርክ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቻለሁ። ጥያቄው በክፋት አልነበረም፤ ሳቅም ነበረበት። ነገር ግን ያ ልጅ ከእናቱ ቋንቋ በላይ አማርኛን ለመንግሥት ጉዳይ ከተቀበለ ክልል የመጣ ነው። ማኅበራችን የአማርኛን ነገር እንደ ልዩ አደራ ይቆጥራል። አደራውን ከእኛ በላይ የከፈሉበትን ሰዎች በር ላይ ማቆም ምን ይባላል?

ጋምቤላን የፍቅር አገር አድርጌ ልስላችሁ አልፈልግም። «አንተ የማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ሥልጣንን የሚያከፋፍል ጥያቄ ነው። በ2007ቱ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307,096 ነበር፤ ከመቶ ኑዌር 47 ገደማ፣ አኙዋ 21 ገደማ፣ ማጃንግ 4 ገደማ። ደገኞች ሩብ ያህል ነን። መቀመጫና ሹመት በቁጥር ስለሚታሰብ ቆጠራ ሁሉ ጠብ ነው። አኙዋ «ኑዌሮች ከማዶ እየመጡ በዙብን» ይላል፤ ፍርሃቱ ከባዶ አይደለም፣ ምክንያቱም በ2013 መጨረሻ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞች ወደ ክልሉ ገብተዋል፤ ይህም በቆጠራው ጊዜ ከነበረው ከጠቅላላ ነዋሪው ጋር የሚስተካከል ነው። ኑዌር ደግሞ «እዚሁ ተወልደን እንግዳ ተባልን» ይላል። ደገኛው በበኩሉ አምስቱ ውስጥ ስለሌለ ሦስት ትውልድ ቢኖርም ባለቤት አይባልም። እኔ ራሴ «አገርህ ወሎ ነው» እየተባልኩ ነው ያደግሁት፤ ወሎን ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው።

ጥያቄው ወዴት እንደሚያደርስም ታይቷል። በዲሴምበር 13 ቀን 2003 ስምንት ሰዎች በመንገድ ላይ ከተገደሉ በኋላ ጥፋቱ በአኙዋዎች ላይ ተላከከና ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የአኙዋ ወንዶች እየተፈለጉ ተገደሉ። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ወታደሮችና ደገኛ ነዋሪዎች አብረው እንደተሳተፉ ዘግበዋል። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የሟቾቹን ቁጥር 65 ሲል የአኙዋ ማኅበረሰብ ከ400 በላይ ስም ዘርዝሯል። እኔ ያን ጊዜ አልተወለድኩም። ነገር ግን ያደግሁበት ሰፈር ነው፣ ከገዳዮቹም መካከል የእኔን ቋንቋ የሚናገሩ ነበሩ። ከዚያ የተረፉ ቤተሰቦች ዛሬ ከካምፓሳችን የአውቶቡስ መንገድ ያህል ርቀት ላይ ይኖራሉ። በየዓመቱ የዓድዋን በዓል ስናከብር ከእነሱ አንድም ሰው ጋብዘን አናውቅም።

የረቂቁ ደጋፊዎች አንድ ተገቢ ነጥብ አላቸው። ማኅበሩ ከተማሪ መንግሥቱ ገንዘብ ይቀበላል፤ ምርጫ ሲደርስ ሰው አሰባስቦ ድምፅ ለመውሰድ የሚሞክር ሊመጣ ይችላል። ስጋቱ እውነት ነው፣ መፍትሔው ግን ሌላ ነው። ድምፅ ለመስጠት በሴሚስተሩ ቢያንስ ሦስት ስብሰባ ላይ መገኘትንና መዋጮ መክፈልን ደንብ አድርጉት። ይህ የማንንም አባት አገር አይጠይቅም፤ ሁላችንንም እኩል ይይዛል። የመጣው ሁሉ ደቡብ ሱዳናዊ ቢሆንስ? ለሚለው ደግሞ፣ የኢትዮጵያን ጉዳይ ጉዳዬ ብሎ ሦስት ስብሰባ የተቀመጠና መዋጮ የከፈለ ደቡብ ሱዳናዊ ቢኖር ምን ጎደለብን? ብዙዎቻችን ለቡና ካልሆነ ሦስት ስብሰባ አንቀመጥም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በጉባኤው ላይ የሰነዱ ዓረፍተ ነገር ይውጣ፤ በምትኩ አባልነት በተማሪው በራሱ ቃል ይሁን። ሁለተኛ፣ የሚመጣው የባህል ምሽት ፕሮግራም ሲወጣ የጋምቤላ ተማሪዎች ከአዘጋጆቹ መካከል ይሁኑ፤ ዘፈን አቅርበው እንዲወርዱ ብቻ ሳይሆን ማን ምን እንደሚያቀርብ አብረው እንዲወስኑ። የ1902ቱን ወሰን እኛ አንቀይረውም፣ እንቀይረውም እያልኩ አይደለም። ግን ያ ወሰን በሦስት ወንዞች ላይ ነው የተሠመረው፤ አራተኛውን በስብሰባ አዳራሻችን በር ላይ የሚያስምር ድምፅ ከእኔ እጅ አይወጣም። ከእናንተም እንዳይወጣ እለምናለሁ።