ፕላስቲክ በመጽሔት ሥዕል ሲመሰገን

የአንድን ዘመን ተስፋ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የዘመኑን መጽሔቶች ሥዕል ቢመለከት ብዙ ይማራል። እኛም ዛሬ የምንመለከተው የአሜሪካ መጽሔቶች ስለ ፕላስቲክ ያሳዩትን ተስፋና ፍጻሜውን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቤልጅግ ተወላጅ የሆነው የኬሚስትሪ ሊቅ ሊዮ ቤክላንድ «ባክላይት» የተባለውን ሰው ሠራሽ ነገር ያስታወቀው በ1909 ነው። «ታይም» መጽሔት በሴፕቴምበር 22 ቀን 1924 የዚህን ሰው መልክ በሽፋኑ ላይ ሲያትም፥ ነገሩ የማይቃጠልና የማይቀልጥ መሆኑን የሚገልጽ ቃል ጨምሮበት ነበር። እንግዲህ የምስጋናው ፍሬ ነገር ጽናት ነው፤ ከዚሁ የተሠሩት ቴሌፎኖችና ራዲዮኖችም ብዙ ዘመን አገልግለዋል።

በኦክቶበር 1940 «ፎርቹን» መጽሔት «ሲንቴቲካ» የተባለ የምናብ አህጉር ካርታ በውስጥ ገጹ አወጣ። አገሮቹ በፕላስቲክ ዓይነቶች ስም የተሰየሙ ነበሩ። ፕላስቲክ እንደ አዲስ ምድር ታየ፤ አዲስ ምድር ያገኘ ሰው ደግሞ ሀብቱን እንጂ በኋላ የሚተርፈውን ጥራጊ አያስብም።

ከዚያ በኋላ ምስጋናው ተለወጠ። በኦገስት 1 ቀን 1955 «ላይፍ» መጽሔት ባወጣው ፎቶግራፍ፥ አንድ ቤተ ሰብ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ዕቃዎችን ወደ ላይ ሲበትን ይታያል። ዕቃዎቹ ሁሉ ፕላስቲክ ባይሆኑም፥ ደስታው ከማጠብ ድካም መገላገል ነበር። ለነጋዴውም ነገሩ ይስማማዋል፤ የሚጸና ዕቃ አንድ ጊዜ ይሸጣል፥ የሚጣል ግን በየቀኑ ይሸጣል። ስለዚህ ለጽናቱ የተመሰገነው ነገር ለአንድ ሰዓት አገልግሎት ዋለ፤ ጽናቱ ግን አብሮት ቀረ። ችግሩ የተወለደው ከዚህ ነው።

በ1950 የዓለም ምርት 2 ሚሊዮን ቶን ያህል ሲሆን፥ በ2019 ወደ 460 ሚሊዮን ቶን ደርሷል። እስከ 2015 ከተጣለው ውስጥ እንደገና ለሥራ የዋለው ከመቶ 9 ያህሉ ብቻ ነው። ይህን ስንል ፕላስቲክን በጅምላ መኰነናችን አይደለም፤ የሕክምና መርፌና የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ጥቅማቸው የታወቀ ነው።

በማርች 2022 መንግሥታት ናይሮቢ ላይ የጋራ ውል ለመዋዋል ተስማምተው ነበር፤ ሆኖም በኦገስት 2025 ጄኔቫ ላይ ሳይስማሙ ተለያይተዋል። ከክርክሩ ዋነኛው፥ ምርቱ ራሱ ይወሰን ወይስ ጥራጊውን መሰብሰብ ይበቃል የሚለው ነው። በአገራችንም በ2025 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ ፍሬ የሚሰጠው ግን ገበያተኛው በፌስታል ፈንታ ዘንቢል ወይም የጨርቅ ከረጢት በቅርብና በርካሽ ሲያገኝ ነው።

ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ኀላፊነት የምትረከቡ ወጣቶች፥ አዲስ ነገር በሥዕል ተውቦ ሲቀርብላችሁ ጥቅሙን ከመረመራችሁ በኋላ «አገልግሎቱ ሲያበቃ የት ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ዓለም ዛሬ በመልቀም ላይ ነው።