የኔትወርክ አድራሻ የግለሰብ መታወቂያ አይደለም፦ የአድራሻ ልወጣና የፖርት ቁጥር ለተገልጋዩ ያላቸው ትርጉም

ተገልጋዮች በኦንላይን አገልግሎት ለማግኘት ሲሞክሩ «ከአድራሻዎ ተደጋጋሚ ሙከራ ስለተደረገ ለጊዜው ታግደዋል» የሚል ዓይነት መልእክት ሊያጋጥማቸው ይችላል። የይለፍ ቃሉን አንድም ጊዜ ያልተሳሳተ ሰው ይህን ሲያነብ ግራ ቢጋባ አያስደንቅም። ለእንዲህ ዓይነቱ እገዳ አንዱ ምክንያት በርካታ ሰዎች በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ የሚገለገሉ መሆናቸው ነው። ይህ ጽሑፍ አሠራሩንና በተገልጋዩ ላይ የሚያስከትለውን ውጤት ያብራራል።

አድራሻ የጋራ የሆነበት ምክንያት

እስከ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የኢንተርኔት ፕሮቶኮል፣ አይፒቪ 4፣ ሊሰጥ የሚችለው የአድራሻ ብዛት 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ ክምችት እ.ኤ.አ. በ2011 ለአህጉራዊ አከፋፋዮች ተደልድሎ አልቋል። የአፍሪካው አከፋፋይ አፍሪኒክም እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ አንሥቶ ለአንድ ጠያቂ በአንድ ጊዜ ከ1,024 አድራሻ በላይ እንዳይሰጥ ገደብ ተግባራዊ አድርጓል። በመሆኑም ቤቶች፣ መሥሪያ ቤቶችና የቴሌኮም ኩባንያዎች ጥቂት አድራሻዎችን ለብዙ ተጠቃሚዎች ማካፈል ግድ ሆኖባቸዋል። ይህ የሚከናወነው በሙያው ኤን ኤ ቲ በሚባለው የአድራሻ ልወጣ ነው።

አሠራሩ

ጉዳዩን በመዝገብ ቤት አሠራር መረዳት ይቻላል። አንድ መሥሪያ ቤት ብዙ የሥራ ክፍሎች ቢኖሩትም የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ አንድ ሊሆን ይችላል። ከየክፍሉ የሚወጣው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ወጪ ቁጥር ይሰጠዋል፤ መልሱ ያንኑ ቁጥር ጠቅሶ ሲመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው መዝገቡን አይቶ ለሚመለከተው ክፍል ያደርሳል።

በኔትወርክ ውስጥ የፖስታ ሣጥኑ የአይፒ አድራሻ ሲሆን ወጪ ቁጥሩ ደግሞ ፖርት ነው። የመዝገብ ቤቱን ሥራ የሚሠራው ከርነል የተባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። የሊኑክስ ከርነልን ለአብነት ብንወስድ፣ ከአንድ ስልክ የወጣ መልእክት ራውተሩ ዘንድ ሲደርስ ከርነሉ የስልኩን የውስጥ አድራሻ በሕዝባዊው አድራሻ ይተካል። የስልኩ ፖርት በሌላ ተጠቃሚ ካልተያዘ እንዳለ ያቆየዋል፤ ከተያዘ ሌላ ይመርጥለታል። ለውጡንም በግንኙነት ሰንጠረዥ ይመዘግባል። መልሱ ሲመጣ ሰንጠረዡን አይቶ ወደዚያው ስልክ ይመልሰዋል።

ይሁን እንጂ ሰንጠረዡ ገደብ አለው። የፖርት ቁጥር ከ65,535 አይበልጥም። ለልዩ ልዩ አገልግሎቶች የተለዩት የመጀመሪያዎቹ 1,024 ሲቀነሱ 64,512 ይቀራሉ። አንድ ኩባንያ ለእያንዳንዱ ደንበኛ 1,024 ፖርት ቢመድብ አንድ አድራሻ ለ63 ደንበኞች ይደርሳል፤ ለደንበኛ የሚመደበው ፖርት ባነሰ ቁጥር በአንድ አድራሻ የሚገለገሉት ሰዎች ይበዛሉ። አንድ ግንኙነት ለረጅም ጊዜ መልእክት ሳይተላለፍበት ከቆየም ምዝገባው ይሰረዛል።

በተገልጋዩ ላይ የሚያስከትለው ውጤት

አንደኛው ውጤት ያለጥፋት መታገድ ነው። አንድ ሰው የይለፍ ቃል ደጋግሞ በመሳሳቱ ሥርዓቱ አድራሻውን ቢያግድ፣ በዚያው አድራሻ የሚገለገሉ ሌሎች ሰዎችም አብረው ይታገዳሉ።

ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ሲሆን ያለጥፋት መጠርጠር ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለ1 ዓመት ይዘው እንዲያቆዩ ይደነግጋል። ነገር ግን ወንጀል የተፈጸመበት ድረ ገጽ መዝገብ አድራሻና ቀን ብቻ ይዞ የፖርት ቁጥሩንና ትክክለኛውን ሰዓት ከተወ፣ መረጃው የሚያመለክተው በዚያ አድራሻ የተገለገሉትን ሁሉ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ትብብር ተቋም ዩሮፖል እ.ኤ.አ. በ2017 በዚህ አሠራር ሳቢያ ወንጀለኛን ለይቶ ማግኘት እንደተቸገረና ንጹሐን ሰዎችም የምርመራ ሰለባ ሊሆኑ እንደሚችሉ በይፋ አሳስቧል።

በአገራችን ደግሞ የሰዓት አቆጣጠር ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከቀኑ 8፡30 በዓለም አቀፍ አቆጣጠር 14፡30 ነው፤ በርካታ ሰርቨሮች በሚመዘግቡበት የግሪንዊች ሰዓት ደግሞ 11፡30 ይሆናል። ፖርቶች በየጊዜው ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው ስለሚተላለፉ በሰዓት አገላለጽ የሚፈጠር ስሕተት ወደማይመለከተው ሰው ሊያመራ ይችላል።

ምን ማድረግ ይገባል?

የመታገድ መልእክት የደረሰው ተገልጋይ በቅድሚያ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ፣ ወይም ከሞባይል ዳታ ወደ ዋይፋይ ቀይሮ ይሞክር። ችግሩ ካልተፈታ የመልእክቱን ቃል፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን እስከ ደቂቃው እንዲሁም የተጠቀመበትን መስመር መዝግቦ አገልግሎቱን ለሚሰጠው ተቋም ያመልክት። ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈም ይግለጽ። የይለፍ ቃሉን ግን ለማንም አያሳውቅ።

በአገልግሎት ሰጪ ተቋማት በኩልም ከአድራሻ ጋር የፖርት ቁጥርንና ትክክለኛ ሰዓትን መመዝገብ፣ እንዲሁም በተቻለ መጠን አድራሻን በጅምላ ከማገድ ይልቅ ችግር የታየበትን አካውንት ለይቶ መገደብ ይገባል። ዘላቂው መፍትሔ እጅግ ሰፊ የአድራሻ ክምችት ወዳለው አይፒቪ 6 መሸጋገር ነው። ሽግግሩ እስኪጠናቀቅ ድረስ ግን አድራሻን ብቻ መነሻ በማድረግ ማንንም ከአገልግሎት መከልከልም ሆነ በጥፋት መጠርጠር ተገቢ አይሆንም።