መቃብር የሌለው መሥራች

ወጣቶች ሆይ! በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ መቃብር ቤት አለ። ባለጸጋው ሊላንድ ስታንፎርድና ባለቤቱ ጄን፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1884 አንድያ ልጃቸው በ15 ዓመቱ በተስቦ ቢሞትባቸው፥ በስሙ ዩኒቨርሲቲ አቁመው በ1891 ከፈቱ። ዛሬ ሦስቱም በዚያ መቃብር ዐርፈዋል።

ሐዘንን ወደ ትምህርት ቤት መለወጥ የሚመሰገን ሥራ ነው። እኔ የምከራከረው «መሥራች» ስለሚባለው ስም ነው። ያ ሀብት የተገኘው ከምድር ባቡር ነበር። ሐዲዱን በተራራ ላይ የዘረጉት ከ10 ሺህ የማያንሱ ቻይናውያን ናቸው፤ ብዙዎቹም በበረዶ ናዳና በባሩድ ፍንዳታ አልቀዋል። መቃብር ቤቱ ግን የተሠራው ለአንድ ቤተ ሰብ ነው።

የእኛም አገር ነገር ከዚህ አይርቅም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1954 ዓ.ም. በስማቸው ተከፈተ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስማቸው ተነሣ፤ ዐፅማቸውም በ1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። ስሙ መነሣት ነበረበት፥ አልነበረበትም እያሉ የሚሟገቱ አሉ። የገበሬው ስም ግን መቼ ተጽፎ ያውቃል?

ቤተ መንግሥቱ ስጦታ ነው፤ የመምህሩ ደመወዝ ግን ሕዝብ ግብር ከሚከፍልበት ግምጃ ቤትም የሚወጣ ነበር። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጥሏል፤ ለቢቸናና ለሞጣ ገበሬ ግን ልጁን ከዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ማድረስ ብርቅ ነበር። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልቀበልም ብሎ ቢነሣ ጦር ዘመተበት።

«የሰጠ ይመስገን እንጂ ምቀኝነት ምን ይሉታል?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎን፥ ይመስገን! ነገር ግን ቤት የሰጠውን አመስግኖ እህሉን ሸጦ የከፈለውን መርሳት ወርቅ ላበደረ ጠጠር መመለስ ነው።

ለገበሬው ሐውልት አቁሙለት አልላችሁም። ነገር ግን ዲግሪ ይዛችሁ በሞጣ ወይም በቢቸና መሥሪያ ቤት ስትቀመጡ፥ ማመልከቻ ይዘው ከበር የቆሙትን ሽማግሌ «አንተ፥ ነገ ተመለስ» አትበሏቸው። «አባቴ፥ ይግቡ፥ ይቀመጡ» በሏቸው፤ ጉዳያቸውንም በዚያው ቀን ጨርሱላቸው። ዩኒቨርሲቲያችሁን ከመሠረቱት አንዱ እሳቸው ናቸውና።