ዳሱ ከማድ ቤቱ ጎን ይጣል

ስለ ሽንኩርት የጠየቃችሁኝን አልረሳሁትም፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ዛሬ ስለ ጓሮ ጥላ ነው የምጽፈው። "ይሄ ደግሞ የግብርና ጉዳይ ነው እንዴ?" የምትሉኝ አትጠፉም። ነው እላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በመጋቢት ወር ግራና አካባቢ የጓሮ አትክልት ለማየት አንድ ግቢ ገባሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም ነው፤ የግራናን የመጋቢት ፀሐይ ለምታውቁት አልነግራችሁም። አባወራው በር ላይ ተቀበለኝና ዳስ ሥር አስቀመጠኝ። ያማረ ዳስ ነው፤ ቋሚው ቀጥ ያለ፣ አግዳሚው በሽቦ የታሰረ፣ ዙሪያውን መደብ የተሠራለት። ውኃ ጠጥተን፣ ተጫውተን፣ ወደ ጓሮ ዞርን። እዚያ ባለቤቱ ከቆርቆሮ ማድ ቤት እንጀራ ጋግራ እየወጣች ነው። ፊቷ በላብ ርሷል። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ልታጠባው ፈለገች፣ ግን የት ትቀመጥ? ግድግዳው ጥግ ስንዝር የምታክል ጥላ አለች፣ እሷ ደግሞ ከመንገዱ ፊት ለፊት ናት። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያታል። ሻሿን ጎትታ ሕፃኑን ሸፍና ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች።

አባወራውን "ያ ዳስ ለማን ነው?" አልኩት።

"ለእንግዳ ነዋ።"

"እንግዳ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?"

ትንሽ አሰበና ሳቀ። "ለዐረፋ።"

እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ስገባ ጥላው የት እንዳለ ማየት ጀመርኩ። ጥላ ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ ካለም አብዛኛው በር ላይ ነው። ጓሮው፣ ሴቷ ከጎህ እስከ ምሽት የምትውልበት ቦታ፣ ጠራራ ነው። እህል የሚሰጣውም፣ ሽሮ የሚለቀመውም፣ ልብስ የሚታጠበውም፣ ልጅ የሚያድገውም እዚያ ነው። ታዲያ የዳሱ ቦታ የት መሆን ነበረበት?

ዳስ መጣል ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ለሠርግ እንጥላለን፣ ለሐዘን እንጥላለን፣ ክፍል ሲጠብብ ልጆቻችን ዳስ ሥር ተምረዋል። ከተማ ውስጥ ፔርጎላ የሚሉት በጣውላና በብረት የሚሠራ አለ፤ በሆቴልና በትልልቅ ግቢዎች ታዩታላችሁ። ቁም ነገሩ አንድ ነው፦ ቋሚ፣ አግዳሚ፣ ላዩ ላይ ሐረግ። ልዩነቱ እኛ ዳሱን ለ3 ቀን ጥለን እናፈርሰዋለን፤ እኔ የምለው ለዓመታት ይቁም ነው።

እዚህ ላይ የፀሐይዋን ነገር እንይ። ግራና ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ናት። ስለዚህ በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በትክክል አናታችን ላይ ትሆናለች። ያን ጊዜ ግድግዳ ጥላ የለውም። አጥር ጥላ የለውም። የቤቱ ክፈፍ ቢበዛ ክንድ የምታክል ጥላ ቢሰጥ ነው። ከላይ የሚሸፍን ነገር ከሌለ መጠለያ የለም ማለት ነው። ከ8 ሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ታዘነብልና የቤቱን የምዕራብ ግድግዳ ታግለዋለች፤ ማታ ቤት ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ሙቀት አንዱ መነሻው ይሄ ነው። ስለዚህ ማድ ቤታችሁ ከቤቱ በስተ ምዕራብ ከሆነ ታድላችኋል፤ አንዱ ዳስ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል።

"ገመናችንን ለመሸፈን አጥሩን በቆርቆሮ አጥረነዋል እኮ" የሚል አለ። አውቃለሁ። መርሳም ወልድያም ግራናም ቤቱ እየተጠጋጋ ሲሄድ የቆርቆሮ አጥር በዝቷል። የሰውን ዓይን ይከለክላል፣ እውነት ነው። ግን ነፋሱንም ይከለክላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ሙቀቱንና ነጸብራቁን ወደ ግቢው ይመልሰዋል። ያችን እናት እዚያ መሐል አስቀምጧት እስቲ። የላስቲክ ሸራም እንዲሁ ነው፤ ፀሐዩን ይጋርዳል፣ ሥሩ ግን ይታፈናል። ቅጠል የተለየ ነው። ቅጠል ከሥሩ የሳበውን ውኃ በትንፋሹ እያወጣ ዙሪያውን ያቀዘቅዛል፤ ነፋስም ያሳልፋል። ማንጎ ሥር የተቀመጠ ሰው ቆርቆሮ ሥር ከተቀመጠው የሚለየው በዚህ ነው።

ማንጎ ካልኩ አይቀር፦ ጓሯችሁ ትልቅ ማንጎ ካለ ይሄን ጽሑፍ እዚህ ላይ ብታቆሙት አልቀየምም። ማንጎው ሥር መደብ ሥሩላት፣ በመንገዱ በኩል በሸምበቆ ጋርዱላት፣ በቃ። የምጽፈው አዲስ ጎጆ ለወጡት፣ ቦታቸው ለጠበበው፣ ማንጎ ተክለው ለጥላ እስኪደርስ ዓመታት መጠበቅ ለሚከብዳቸው ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በራሴ ግቢ ዳስ ጣልኩ። ቸኩዬ እርጥብ ባሕር ዛፍ አመጣሁ፣ ልጡን እንኳ አልላጥኩም፣ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። በ2ኛው ዓመት ግንቦት ላይ ሐረጉ ሞልቶ፣ አብቦ፣ ልክ ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ዳሱ ከነሐረጉ ተደፋ። ብናየው አራቱም ቋሚዎች መሬት ውስጥ ያለው ክፍላቸው በምስጥ አልቋል። ባለቤቴ "ለገበሬው የምታስተምረው ይሄንን ነው?" አለችኝ። ምን እላለሁ።

ከዚያ የተማርኩት ይሄ ነው። እንጨቱ ልጡ ተልጦ፣ ጥላ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ሁለት ሦስት ወር ይድረቅ። ጫፉን በእሳት ለብልቦ መቅበር የቆየ ዘዴ ነው፤ እኔ ብዙ ለውጥ አላየሁበትም። የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ የምትበሉት ነገር ሥር እዚያው አፈር ውስጥ ስለሆነ አልመክረውም። የሚሻለው እንጨቱን ጭራሽ አለመቅበር ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ድንጋይና ሲሚንቶ ሙሉበት፣ መሐሉ ላይ ሁለት ፌሮ አቁሙ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ቋሚውን ከፌሮው ጋር በሽቦ እሰሩት። ምስጥ ቢወጣ እንኳ መንገዱ በድንጋዩ ላይ ስለሆነ ታዩታላችሁ፤ በመጥረጊያ ታፈርሱታላችሁ። ወይራና ጽድ ምስጥ አይደፍራቸውም፣ ግን ለዳስ ብላችሁ ከተራራ ወይራ እንዳትቆርጡ። የፈረሰ ቤት አሮጌ ቋሚ ካገኛችሁ እሱ ወርቅ ነው።

ስፋቱ 3 በ4 ሜትር ይበቃል። ከፍታው 2 ሜትር ከ20 ግድም ይሁን፤ ሰው እንስራ ተሸክሞ ሳያጎነብስ ይለፍ። ቋሚው ጫፉ ባላ ከሆነ ሚስማር ብዙም አያስፈልግም። ከላይ አግዳሚውን በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ደርድሩ። ሐረግ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ቀጭን ዘንግ አይችለውም። ከማድ ቤቱ ጭስ መውጫ ደግሞ 2 ሜትር ያህል ይራቅ፤ እርጥቡ ሐረግ ቶሎ ባይያያዝም ሥሩ የሚጠራቀመው ደረቅ ቅጠል ይያያዛል። ጎኑን አራቱንም አትዝጉ። ሰው በሚያይበት በአንዱ ወይም በሁለቱ በኩል ብቻ ሸምበቆ አስራችሁ ሐረጉን አውርዱበት፣ ሌላው ለነፋስ ክፍት ይሁን።

ሐረጉ ምን ይሁን? ለመጀመሪያው ክረምት ቅል ዝሩ። ሰኔ የተዘራ ቅል በሁለት ሦስት ወር ዳሱን ይሸፍነዋል፤ ጥላም ታገኛላችሁ፣ ቅልም። ከቅሉ ጎን የዘለቄታውን ትከሉ። የእኔ ምርጫ ፓሽን ፍሩት ነው። ሁለት ዓይነት አለው፦ ቢጫው ሙቀት ይወዳል፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ደግሞ ቀዝቀዝ ወዳለው ያደላል። ለግራና ቆላማ ክፍል ቢጫውን እመርጣለሁ። ግማሽ ሜትር ጉድጓድ፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ ግንድ ብቻ እየመራችሁ ወደ ላይ፣ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ጫፉን ቀንጥቡት፤ ያኔ ቅርንጫፍ አውጥቶ ይሸፍናል። በዓመት ግድም ፍሬ ያሳያል። ለዘላለም አይኖርም፤ አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ስለሚደክም በ3ኛው ዓመት ተተኪውን ከጎኑ ትከሉ።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ይከስራል። ቢጫው ፓሽን በራሱ ዱቄት ፍሬ አይዝም። ከአንድ እናት በቁራጭ የተባዛ 10 ተክል ብትተክሉ እንኳ አበባ ብቻ ነው የምታዩት። ከተለያየ ፍሬ የበቀሉ ቢያንስ ሁለት ችግኞች ያስፈልጋሉ። ዱቄቱን የምታደርሰው ደግሞ ያቺ ደረቅ እንጨት የምትበሳው ትልቋ ጥቁር ንብ ናት፤ ማር ንብ ለዚህ አበባ ትንሽ ናት። ልጆቻችን ሲያገኟት ይገድሏታል፤ እባካችሁ ከልክሏቸው። ዳሱ ጥግ አንድ የበሰበሰ ግንድ ብትተዉላት ቤቷን እዚያ ትሠራለች፣ ቋሚውንም ትተውላችኋለች። እሷ ከሌለች በእጅ ይሠራል፦ የቢጫው አበባ እኩለ ቀን አካባቢ ነው የሚከፈተው፤ ከሰዓት በኋላ የአንዱን ተክል ዱቄት በጣት ወስዶ የሌላውን መንካት ነው። ባበበ ጊዜ ፀረ ተባይ መርጨት አይታሰብም። ወይን የሚወድ ወይን ይትከል፣ ጥሩ ጥላ ነው፤ ግን በየዓመቱ በወጉ ካልተገረዘ ቅጠል ብቻ ይሆንባችኋል።

ውኃ ከየት? ከዚያው ከጓሮው። ልብስና ዕቃ የታጠበበት ውኃ በረኪና ካልገባበት በየተራ ጉድጓዱ ላይ ይፈሳል። እንዲያቁር ግን አትተዉት። አገራችን ቆላ ነው፣ ወባ አለ።

ይሄን ሳወራ አንድ ሽማግሌ አባት "ልጄ፣ ቅጠሉ እባብ ይጠራል" አሉኝ። ልክ ናቸው። "አባቴ፣ እባቡ የሚመጣው አይጥ ፍለጋ ነውና ሥሩ እህልና ጭድ አይከመርበት" አልኳቸው። ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን ቅጠል መቁረጥ፣ ሥሩን በየቀኑ መጥረግ ነው። እሳቸው አሁንም አላመኑኝም፣ ይሁን።

ከዚህ በኋላ የምለው ለእኛ ለባለሙያዎችም ነው። ስንት ችግኝ ተተከለ፣ ስንት ዶሮ ተሰጠ ብለን እንቆጥራለን። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቤቱ ዶሮ ገብቷል፤ ጥሩ ነው። ግን ዶሮ በሙቀት አፏን ከፍታ ስታለከልክ እንቁላል እንደምትቀንስ እያወቅን፣ ጥላ አላት ወይ ብለን ስንቶቻችን ጠየቅን? ዶሮዋን የምታበላዋን ሴትስ? ሥልጠና ስንጠራ የሚመጣው አባወራው ነው፤ ልኬቱን የምንሰጠው ለእሱ ነው፤ እሱም ዳሱን እሱ ከሚቀመጥበት ቦታ ይጥለዋል። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። (በር ላይ የተጣለ ዳስ ከሰዓት በኋላ የጫት መቃሚያ እንደሚሆን ደግሞ እናንተም እኔም እናውቃለን።)

ስለዚህ አባወራዎች፣ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ባለቤታችሁን "የት ይሁንልሽ?" በሏት። አንድ ቀን ሙሉ የት የት እንደምትቀመጥ ተመልከቱ። ምጣዱ የት ነው፣ ልጁን የት ታጠባለች፣ ፀጉሯን የት ትሠራለች፣ ሻሿን አውልቃ ነፋስ ልታገኝ ብትፈልግ ማን ያያታል? ቋሚውን ያ ከነገራችሁ ቦታ ትከሉ። እንግዳ ቢመጣ እዚያው ይቀመጣል፤ ቡናውም ከማድ ቤቱ ቅርብ ነው፣ አቦሉ ሳይቀዘቅዝ ይደርሰዋል።

ያ የዐረፋው ሰው ባለፈው ገበያ ላይ አገኘኝ። በሩ ላይ ያለውን እንደማያፈርሰው ነገረኝ፤ ጓሮ ለሌላ ዳስ ግን ባሕር ዛፍ ልጦ አድርቋል። "ቦታውን እሷ መረጠች፤ እኔ ካሰብኩት በ4 እርምጃ ራቀ" አለኝ። ፍሬው ከተለያየ እናት የሆነ የቢጫ ፓሽን ዘር ያላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ እሱ ይፈልጋል።